ሞተሩ ሳይነሳ መጽሐፉን ምረጡ

እዚህ ባሕር ዳር የማውቃቸው ሾፌሮች ሁሉም ማለት ይቻላል ትረካ ሰሚ ሆነዋል። ድሮ የመንገድ ጓደኛ ዘፈን ነበር፤ አሁን በፍላሽም በስልክም መጽሐፍ ሳይዝ የሚወጣ ሾፌር ብዙም አላይም። ደስ የሚል ለውጥ ነው። መጽሐፍ ገዝቶ፣ ቁጭ ብሎ ለማንበብ ጊዜም ገንዘብም ያጠረው ሰው ጎንደር ደርሶ እስኪመለስ የአንድ ልቦለድ ግማሽ ይሰማል። እኔም ለሥራ ወደ ፎገራ፣ ወደ ደብረ ታቦር፣ መንገዱ ሰላም ሲሆን ደግሞ እስከ ጎንደር ስወጣ ብዙ መጽሐፍ የጨረስኩት እዚያው መኪና ውስጥ ነው። ስለዚህ ትረካን ልኮንን አይደለም የተነሳሁት። የከነከነኝ ትረካው መቼ እንደሚመረጥ ነው። የማን መጽሐፍ እንደሚመረጥም ጭምር።

ሁለቱ የተለያዩ ጉዳዮች ይመስላሉ። አንዱ የትራፊክ አደጋ ነው፣ ሌላው የሴት ደራሲን መጽሐፍ እየዘለሉ ማለፍ። እኔ ግን ሁለቱንም ያየሁት በአንድ ስልክ ላይ፣ በአንድ አውራ ጣት ሥር ስለሆነ ለያይቼ ልጽፋቸው አልቻልኩም።

ከሐሙሲት አልፈን ወደ ወረታ እየሄድን ነበር። እዚያ አካባቢ የፎገራ ሜዳ ስለሚጀምር መሬቱ ጠፍጣፋ ነው፤ ክረምት ላይ ግራና ቀኙ የሩዝ ማሳ ውኃ ተኝቶበት ይታያል። ሾፌራችን ጋሼ የምንላቸው ሰው ናቸው። ጎበዝ ሾፌር ናቸው፣ ይህን ለይሉኝታ ብዬ አይደለም የምጽፈው። ለመቅደም አይቸኩሉም፣ ሌሊት አይነዱም፣ ጋቢና የተቀመጠ ሰው ቀበቶ ካላሰረ ሞተር አያስነሱም። ሲሰሙት የነበረው ትረካ አለቀ። ስልካቸውን ከዳሽቦርዱ ላይ አነሱና መሪውን በያዘው እጃቸው አናት ላይ አስደግፈው በሌላው አውራ ጣት ዝርዝሩን ወደ ላይ ማንሸራተት ጀመሩ። ዓይናቸው ወደ ታች፣ ወደ ላይ፣ እንደገና ወደ ታች። ከፊታችን ከብት የሚነዳ ልጅ ነበር፤ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ሁለት እጁን ሰቅሎበት ይሄዳል። አንዲት ጊደር ከመንጋው ተነጥላ ወደ አስፋልቱ ወጣች። ጋሼ ፍሬን ያዙ፣ ከኋላ የነበረው የውኃ ጀሪካን ወደ ፊት ተንሸራተተ፣ ጊደሯም አለፈች።

ምንም አልሆነም። ልጁ ዞር ብሎ እንኳ አላየንም። ግን ጊደሯ ከመውጣቷ ጥቂት ቀደም ብሎ ጋሼ አንድ ስም ላይ ጣታቸውን አቁመው “ይቺ ደግሞ ሴት ናት” ብለው አልፈዋት ነበር።

“ጋሼ፣ ስልኩን ለእኔ ይስጡኝ፣ እኔ ልምረጥ” አልኳቸው።

“እንቺ ልጄ” አሉና ሰጡኝ። “ብቻ የሚያስተኛ እንዳታመጪብን።”

መጀመሪያ ስለ ስልኩ ልበል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ይጓዛል። ስልክ መክፈት፣ ቴሌግራም ውስጥ መግባት፣ ዝርዝሩን ማውረድ፣ አንዱን መንካት፣ መጫወት መጀመሩን ማረጋገጥ፤ ዓይን ከመንገዱ የተነሳበት ጊዜ ሲደመር አምስት ሰከንድ ብቻ ቢሆን እንኳ መኪናው ከአንድ ሙሉ የኳስ ሜዳ በላይ ማንም ሳያየው ሄዷል ማለት ነው። ደግሞ የእኛ መንገድ ላይ ከመኪና ሌላ ስንት ነገር አለ። አህያ ከነጭነቷ፣ ጋሪ፣ ከገበያ የሚመለስ ሰው፣ ከትምህርት ቤት የተለቀቀ ልጅ፣ ጠርዝ ላይ የተሰጣ እህል። ይሄ ሁሉ ስልክ ላይ ያለ ሾፌር መቼ ቀና እንደሚል አያውቅም።

“እኔ እጄን አልጠቀምም፣ ዝም ብዬ በድምጽ ነው የማዘው” የሚሉ አሉ። አዳዲስ መኪና የያዙ ሰዎች በተለይ። እነሱም ይስሙኝ። እ.ኤ.አ. በ1997 ከቶሮንቶ የወጣ ጥናት ስልክ እያወሩ የሚያሽከረክሩ ሰዎች የመጋጨት ዕድላቸው በአራት እጥፍ ገደማ እንደሚጨምር አሳይቷል፤ ስልኩን በእጅ ባለመያዝ የተገኘ ጥቅም አልታየም። ምክንያቱም የሚዘናጋው ዓይንና እጅ ብቻ አይደለም፣ ሐሳብም ነው። ዓይን መንገዱ ላይ ተተክሎ ልብ ሌላ ቦታ ሲሆን ሰው እያየ አያይም።

ይህን ነገር ለረጅም ዓመት ያጠናው የዩታ ዩኒቨርሲቲው ዴቪድ ስትሬየር ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ከባልደረቦቹ ጋር ለአሜሪካ አውቶሞቢል ማኅበር የትራፊክ ደኅንነት ፋውንዴሽን በሠራው ጥናት ሾፌር የሚሠራቸውን ነገሮች አእምሮን በሚይዙት መጠን በ5 ነጥብ መለኪያ ደረጃ አወጣላቸው። ሬዲዮ መስማት 1.21 አገኘ። የመጽሐፍ ትረካ መስማት 1.75። በስልክ ማውራት፣ ያለ እጅም ቢሆን፣ ከ2 በላይ። መልእክትን በድምጽ እየተናገሩ ማጻፍ 3.06። እኔ ይህን ሳነብ ደስ ነው ያለኝ፤ ትረካው ከሬዲዮ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ከስልክ ወሬ ደግሞ ዝቅ ብሎ ነው የተገኘው። ችግሩ ያለው መጽሐፉን ፍለጋው ላይ ነው።

የሚገርመው ደግሞ ቀጥሎ የመጣው ነው። እነዚሁ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 መኪናን በድምጽ ማዘዝን ሲፈትሹ፣ ሾፌሩ ትእዛዙን ሰጥቶ ከጨረሰ በኋላም አእምሮው ሙሉ በሙሉ ወደ መንገዱ ለመመለስ እስከ 27 ሰከንድ ሊወስድበት እንደሚችል አገኙ። ሃያ ሰባት ሰከንድ! በ80 ፍጥነት 600 ሜትር ነው። “ጨርሻለሁ፣ ስልኩን አስቀምጫለሁ” ብሎ ልቡ የረካው ሰው ገና አልተመለሰም። ወረታ መግቢያ ላይ መጽሐፍ መርጦ ስልኩን ያስቀመጠ ሾፌር ልቡ የሚመለሰው ምናልባት ገበያው መሐል ነው።

አጠገቡ የተቀመጠ ሰውስ አያወራውም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ያወራዋል፣ ሐሳቡንም ይይዘዋል። ግን ጋቢና ያለ ሰው መንገዱን ያያል። አይሱዙ ፊት ለፊት ሲመጣ ዝም ይላል፣ “ተጠንቀቅ” ይላል፣ ከሾፌሩ ቀድሞ ጊደሯን ያያታል። በስልክ ያለው ሰው ይህን አያውቅም፣ ስልኩ ራሱማ ጭራሽ።

ከተማ ውስጥ ደግሞ ባጃጅ አለ። የባጃጅ መሪ እንደ ሞተር ሳይክል ሁለት እጀታ ነው። ግራ እጅ ፍሪሲዮኑን ይጨብጣል፣ ማርሹም እዚያው እጀታ ላይ እየተጠመዘዘ ይገባል። ቀኝ እጅ ነዳጅ ይሰጣል። ፍሬኑ በእግር ነው። ስለዚህ ሁለቱም እጅ ሥራ ላይ ነው፤ ትርፍ እጅ የሚባል ነገር የለም። ግራ እጅ ስልክ ከያዘ ማርሽ የሚቀይር የለም፣ ቀኝ እጅ ከያዘ ባጃጁ አደባባይ መሐል ይቆማል። ሾፌሮቹ ያገኙት መላ ስልኩን በጆሮና በትከሻ መሐል መቆንጠጥ ነው። አንገታቸው ወደ አንድ ጎን ስለሚጣመም የዚያኛው ጎን መስታወት ከእይታቸው ይወጣል። ባሕር ዳር ደግሞ የሳይክል ከተማ ናት፤ በዚያ በማይታየው ጎን በኩል ነው ተማሪው ጓደኛውን ከኋላ ጭኖ የሚመጣው።

ከፔዳ ወደ ጊዮርጊስ ስሄድ አንዱን “ወንድሜ፣ ስንወርድ ታነሳዋለህ” ስለው “እሺ እህቴ፣ አንዴ ብቻ ነው” አለኝ። አንዴ ብቻ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም። የትራፊክ ደንቡ በእጅ ስልክ ይዞ ማሽከርከርን ይከለክላል፣ ስንት ጊዜ እንደሆነ አይጠይቅም። ተሳፋሪው ነው መናገር ያለበት። ዝም የምንለው ነገር ማንሳት ስለማንወድ፣ ወይ ደግሞ ሰውየውን ማሳፈር ስለሚመስለን ነው። እኔ ግን መንገር ንቀት አይመስለኝም። ያ ልጅ ማታ ቤቱ እንዲገባ እፈልጋለሁ፣ እኔም መግባት እፈልጋለሁ።

አሁን ወደዚያ ስም ልመለስ።

ጋሼ ያችን ደራሲ ሲያልፏት መጽሐፏ ስለ ምን እንደሆነ አያውቁም ነበር። ርእሱን እንኳ አንብበው አልጨረሱም። ውሳኔው የአንድ ሰከንድ ነው፣ የአንድ ሰከንድ ውሳኔ ደግሞ የሚሄደው ወደ ለመዱት ነው። መሪ ይዞ የሚመርጥ ሰው ማመዛዘኛ ጊዜ የለውም። ዝርዝሩ አናት ላይ የመጣውን፣ ስሙን የሚያውቀውን፣ ባለፈው የሰማውን ደራሲ ይነካል። አናት ላይ የሚመጣው ብዙ ሰው የሰማው ነው። ብዙ ሰው የሰማው ደግሞ ቀድሞ የተተረከው ነው፣ ቀድሞ የተተረከው የወንድ መጽሐፍ ነው። ስልኩን ከጋሼ ተቀብዬ ዝርዝሩን ሳየው እስከ ታች ድረስ ወንድ፣ ወንድ፣ ወንድ ነው። የሴት ስም ለማግኘት ብዙ ማንሸራተት ነበረብኝ። ታዲያ መንገድ ላይ ያለ ሾፌር እዚያ ድረስ እንዲወርድ አልፈልግም። መፈለግ ካለበት ቆሞ ይፈልግ፣ ወይ ማታ ቤቱ ይፈልግ።

ይህ የእኛ አገር ብቻ ችግር አይደለም። እንግሊዛውያኑ የብሮንቴ እህትማማቾች እ.ኤ.አ. በ1847 ልቦለዶቻቸውን ሲያወጡ ሴትነታቸውን በሚደብቅ የብዕር ስም ነበር። መቶ ሃምሳ ዓመት ቆይቶ፣ በ1997፣ ጄ. ኬ. ሮውሊንግ ሙሉ ስሟ ሽፋኑ ላይ እንዳይወጣ የተደረገው ወንዶች ልጆች ሴት የጻፈችውን አይገዙም በሚል ስጋት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ካትሪን ኒኮልስ የተባለች አሜሪካዊት ለሥነ ጽሑፍ ወኪሎች ስለ ልቦለዷ ስትጽፍ ያጋጠማትን አሳተመች። በራሷ ስም ለ50 ልካ ረቂቁን እንይ ያሏት 2 ናቸው። ያንኑ ደብዳቤ በወንድ ስም ለ50 ስትልክ 17 ጠየቁ። ደብዳቤውም ልቦለዱም አንድ ነው። የተለወጠው ስሙ ብቻ ነው።

አንባቢዎችንም በተመለከተ ቁጥር አለ። ሜሪ አን ሲጋርት የተባለች ብሪታንያዊት ጋዜጠኛ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣችው መጽሐፍ ኒልሰን የተባለውን የጥናት ድርጅት አሠርታ ያገኘችው እንዲህ ይላል፤ መጽሐፋቸው በብዛት ከሚሸጥላቸው 10 ሴት ደራሲዎች አንባቢ ውስጥ ወንዱ 19 በመቶ ብቻ ነው። በብዛት ከሚሸጥላቸው 10 ወንድ ደራሲዎች አንባቢ ውስጥ ግን ሴቷ 45 በመቶ ናት። ሴቶች ሁለቱንም ያነባሉ። ወንዶች ወደ አንዱ ያደላሉ። የእነሱ አገር ቁጥር ነው፣ ግን እኔ በጋቢና ውስጥ ከማየው ጋር አንድ ነው።

ለምን ብዬ ስጠይቅ የማገኘው መልስ ብዙ ጊዜ “የሴት መጽሐፍ የፍቅር ነው” የሚል ነው። ይሄ መልስ በጣም ነው የሚያናድደኝ። በዚህ አገር በትረካ ታሪክ ከወጋየሁ ንጋቱ በላይ ሰው ሬዲዮ ሥር የሰበሰበ ማን አለ? የተረከው ደግሞ ፍቅር እስከ መቃብርን ነው። ያ ሁሉ ወንድ ሥራውን አቁሞ ሲሰማ የነበረው የበዛብህና የሰብለ ወንጌልን ፍቅር ነው፣ ያውም እዚሁ የእኛው ጎጃም ውስጥ። ማንም “የፍቅር ነው፣ አጥፉት” አላለም። እኔም ራሴ ያን ትረካ እወደዋለሁ። ፍቅር በወንድ ብዕር ሲመጣ ትልቅ ሥነ ጽሑፍ፣ በሴት ብዕር ሲመጣ የሴት ጉዳይ የሚሆንበት ምክንያት አይገባኝም።

ሌላው “ሴት የምትጽፈው ስለ ቤቷ ነው” የሚለው ነው። ስንዱ ገብሩ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ተይዛ አዚናራ ደሴት ድረስ ተወስዳ ታስራለች፣ ጽፋለች፣ እ.ኤ.አ. በ1957 ደግሞ የኢትዮጵያ ፓርላማ የመጀመሪያዋ ሴት ተመራጭ ሆናለች። ከበደች ተክለአብ ለአሥር ዓመት ገደማ በሶማሊያ እስር ቤት ኖራ ነው ግጥሟን ይዛልን የወጣችው። መዓዛ መንግሥቴ በጣሊያን ጦርነት ስለተዋጉ ሴቶች የጻፈችው ልቦለድ እ.ኤ.አ. በ2020 ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ እጩዎች ውስጥ ገብቷል። ጦርነት፣ እስር፣ ስደት፣ ፖለቲካ። ጋሼ የሚወዱት ነገር ሁሉ አለበት። ስለ ቤትስ ቢጻፍ ምን ነውር አለው? ሰው ሁሉ ከቤት ነው የሚወጣው።

“እኔ ጾታ አላይም፣ ጥሩ መጽሐፍ ብቻ ነው የማየው” የሚሉኝም አሉ፣ የተማሩ ጓደኞቼ በተለይ። ጥሩነቱን ለማወቅ ግን መጀመሪያ መክፈት ያስፈልጋል። ያልተከፈተ መጽሐፍ አይመዘንም። አንድ ወዳጄ የመደርደሪያውን ፎቶ ኩራት ብሎት አሳየኝ፤ ታሪክ፣ ፖለቲካ፣ ግለ ታሪክ፣ ልቦለድ፣ ተርታውን ሞልቶታል። የሴት ስም ያለበት ጀርባ ፈልጌ አላገኘሁም። ስነግረው ተገረመ። እውነቱን ነው፣ አስቦበት አያውቅም። ጥላቻ የለበትም፣ እህቶቹን የሚያስተምር ልጅ ነው። ግን ሳያስብ የተሞላ መደርደሪያ እንዲህ ሆኖ ነው የሚሞላው።

መጽሐፍ ሻጮቹም ለዚህ ያግዛሉ። ሐይቁ ዳር ካፌ ተቀምጣችሁ ከሆነ አዟሪዎቹን ታውቋቸዋላችሁ፣ መጽሐፍ ከወገባቸው እስከ አገጫቸው ደርድረው ከጠረጴዛ ጠረጴዛ የሚዞሩት። ከወንድሜ ጋር ቡና እየጠጣን አንዱ መጣ። ቁልሉን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈና ከላይ ያለውን የአንድ ባለሥልጣን ትዝታ አንስቶ ለወንድሜ ዘረጋለት። ከዚያ መሐል ገብቶ፣ እየመረጠ፣ ስለ ትዳር የሚመክር ቀጭን መጽሐፍ አወጣና ወደ እኔ ገፋ አደረገው። እኔ ፖለቲካውን አነሳሁ፣ ወንድሜ የትዳሩን። ልጁ ግራ ገባው። አልፈረድኩበትም፤ ቀኑን ሙሉ የሚያየው ይህንን ነው፣ የሚሸጠውም እንደዚያ ሲያደርግ ነው። ግን ከዚያ ቁልል ውስጥ ሴት የጻፈችው ካለህ ብዬ ስጠይቀው ሁለት ብቻ ነበሩት፣ ሁለቱም ከታች።

ወንድ ከሴት አፍ ዕውቀት አይሰማም የሚለው ደግሞ የአገራችን ባህል ነው የሚሉኝ ሰዎች አሉ። ጎጃምን አያውቁትም። እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዓይነ ስውር ነበሩ፣ ሴት ነበሩ፣ የቅኔ መምህር ነበሩ። ወንዶቹ የቅኔ ተማሪዎች ከእግራቸው ሥር ቁጭ ብለው ተምረዋል። ቅኔ ደግሞ ከዕውቀቱ ሁሉ ጭንቅ የሆነው ነው። የዛሬው የጎጃም ልጅ የሴት ድምጽ ያስተኛኛል ሲል የራሱን አገር ታሪክ እየዘነጋ ነው።

አንድ ነገር ሳልጨምር አላልፍም። አዲሱ የአባይ ድልድይ ላይ ነው። 380 ሜትር ነው፣ ሰፊ ነው፣ ቀጥ ያለ ነው፣ ስለዚህ ሰው ይፈጥንበታል። ከፊታችን አንዲት ቪትዝ መሐል መንገድ ላይ እየተንቀረፈፈች፣ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ እያለች ትሄዳለች። ከኋላ ወንበር የተቀመጠው ባልደረባችን “ሴት ናት በቃ” አለ። ስናልፋት ጎን ለጎን ሆነን አየን። ጎልማሳ ሰውዬ ነው፣ ስልኩን በጆሮው ይዞ እየሳቀ ያወራል። መኪናችን ውስጥ ማንም “ወንድ ነው በቃ” አላለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ25 ዓመት በታች ያሉ ወንዶች በመንገድ አደጋ የመሞት ዕድላቸው ከሴት እኩዮቻቸው ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። ይህን የምጽፈው ወንዶችን ልወቅስ አይደለም፣ የሚሞቱት ወንድሞቻችን ናቸው። ግን ሴቷን ሾፌር ሳያያት የፈረደባት ሰውና ሴቷን ደራሲ ሳያነባት ያለፋት ሰው አንድ ሰው ነው። ስሙን ወይ ፊቱን ብቻ ነው የሚያየው።

አሁን በእኛ ፒክ አፕ ውስጥ የምናደርገውን ልንገራችሁ። ለመስክ በምንወጣበት ዋዜማ መጽሐፉ ይመረጣል፤ ማታ፣ ቤት ተቀምጦ፣ ርእሱም ስለ ምን እንደሆነም ታይቶ። አንድ የወንድ፣ አንድ የሴት። በቅደም ተከተል ፍላሽ ላይ ይጫናል፣ ምዕራፎቹ 01፣ 02 እየተባለ ቁጥር ይሰጣቸዋል፣ አለበለዚያ ማጫወቻው እያምታታ ሾፌሩን እንደገና ይነካካዋል። የሾፌሩ ስልክ ዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ ይገባል። ጋቢና የተቀመጠው ሰው ብቻ ማጫወቻውን ይነካል። ጋሼ ብቻቸውን ከሄዱና አንዱ ካለቀ፣ ወረታ ወይ አዲስ ዘመን ቆመው ቡና እየጠጡ ይቀይራሉ። ቡናውን ስለሚወዱት አልተከራከሩኝም።

ከተጫኑት አንዱ የሴት ልቦለድ ነበር፣ ረጅም። ጋሼ ሁሉንም ሰሙት። ሲያልቅ “አልወደድኩትም” አሉኝ። ለምን ስላቸው “መጨረሻው ላይ ቸኮለች። ያ ልጅ ይቅር ሊላት አይገባም ነበር። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ልብ እንዳለው አላሳየችንም” አሉ። እኔ ደግሞ ይቅርታው ቀደም ብሎ በእናቱ ቀብር ላይ ተዘርቷል ብዬ ተከራከርኩ። ከአዲስ ዘመን እስከ ሐሙሲት ተጨቃጨቅን፣ ድልድይና ገበያ ሲመጣ ዝም እያልን። እኔ ከዚህ በላይ አልፈልግም። ጋሼ እንዲወዱት አልነበረም ዓላማዬ። ሰምተውት፣ ባለው ነገር መዝነውት፣ በገጸ ባሕሪው ምክንያት አልወደዱትም። እንደ ማንኛውም ደራሲ ነው የተቿት።

የሚቀረው የእናንተ ሥራ ነው፣ ትረካ የምታዘጋጁ ሰዎች። መኪና ውስጥ ያለው ሰው የሚሰማው እናንተ የቀዳችሁትን ነው፤ ያልቀዳችሁት ለእሱ የለም። የሴቶቹን መጻሕፍት ቅዱልን፣ ደራሲዋን አስፈቅዳችሁ፣ ድርሻዋንም ከፍላችሁ። የደራሲዋን ስም መጀመሪያ ላይ በድምጽ ተናገሩ፣ ብዙዎቻችሁ የተራኪውን ስም ብቻ ነው የምትጠሩት። ሴት ተራኪዎችንም ጥሩ፣ የወንድ መጽሐፍም ጭምር ያንብቡ። ምዕራፎቹ ራሳቸው እየተከታተሉ እንዲሄዱ አድርጋችሁ አዘጋጁ፣ ሾፌር በየ20 ደቂቃው ስልክ እንዳይነካ። በየትረካው መጀመሪያ ላይም ተራኪው አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨምርልን፦ “የምታሽከረክሩ ከሆነ የሚቀጥለውን ክፍል አሁኑኑ፣ ሳትነሱ አዘጋጁ።”